የቁርጥማት ማስታገሻና ሌሎች መድኃኒቶች፦ ምርጫው ከየት ይጀምር?



በዚህ ለሕዝብ በሚሰጥ የንግግር መርሐ ግብር እንድናገር ስጋበዝ ርእስ ለመምረጥ ብዙ አልተቸገርሁም። በመድኃኒት ቤት መስኮት ጀርባ በቆምሁባቸው ዓመታትም ሆነ ዛሬ በማስተምርበት ክፍል ደጋግሞ የሚቀርብልኝ ጥያቄ አንድ ነው፦ «ለቁርጥማት ጠንከር ያለው ማስታገሻ የትኛው ነው?»

ጠያቂው አብዛኛውን ጊዜ በዕድሜ የገፋ ሰው ነው። ጉልበቱን ሳያመው አስቀድሞ የደም ግፊት ክኒን ጀምሯል፤ አለዚያም የስኳር፣ የልብ ወይም ሌላ በየቀኑ የሚወሰድ መድኃኒት አለው። ስለዚህ ቀድሞ መጠየቅ ያለበት «የትኛው ይበረታል?» የሚለው ሳይሆን «ከምወስደው ጋር የትኛው ይስማማል?» የሚለው ነው። የማስታገሻ ምርጫ ከማስታገሻው አይጀምርም፤ ቀድሞ ከሚዋጠው መድኃኒት ይጀምራል። ዛሬ የምናገረው ሁሉ የዚህ አንድ ሐሳብ ማብራሪያ ነው።

አስቀድሜ ስለ ሕመሙ ጥቂት ልበል። እኛ «ቁርጥማት» ወይም «ሪህ» ብለን በአንድ ስም የምንጠራው ሕመም ብዙ ዓይነት አለው፤ ሦስቱን ላንሣ። የመጀመሪያውና በብዛት የሚታየው በአጥንቶች ጫፍ ላይ ያለው ለስላሳ ሽፋን ከዕድሜና ከጫና የተነሣ ሲጎዳ የሚመጣው ኦስቲኦአርትራይትስ ነው፤ ጉልበትን፣ ዳሌንና የእጅ ጣቶችን ያጠቃል። ሁለተኛው የሰውነት መከላከያ ኃይል የራሱን መገጣጠሚያዎች የሚወጋበት ሩማቶይድ አርትራይትስ ነው፤ ጠዋት ጠዋት ጣቶች ለረጅም ጊዜ አልታጠፍ ይላሉ፣ ያብጣሉም። ሦስተኛው ዩሪክ አሲድ በመገጣጠሚያ ውስጥ እንደ ጥቃቅን መርፌ ሲጠራቀም የሚነሣው ጋውት ነው፤ ብዙ ጊዜ በእግር አውራ ጣት ይጀምርና ሌሊት በድንገት ያነዳል።

ልዩነቱን ማወቅ ለምን ይጠቅማል? ሩማቶይድ አርትራይትስ ያለበት ሰው ማስታገሻ ብቻ እየዋጠ ቢቆይ ሕመሙ ይበርድለት ይሆናል እንጂ መገጣጠሚያው መበላሸቱን አያቆምም፤ በሽታውን ራሱን የሚገታ እንደ ሜቶትሬክሴት ያለ መድኃኒት ያስፈልገዋል። ጋውት ያለበት ሰው ደግሞ ለደም ግፊት የሚወስደው ሃይድሮክሎሮታያዛይድ የዩሪክ አሲዱን መጠን ከፍ አድርጎበት ሊሆን ይችላል። በዚህ ጊዜ መፍትሔው ሌላ ማስታገሻ መጨመር ሳይሆን ከሐኪሙ ጋር ስለ ግፊት መድኃኒቱ መነጋገር ነው። ስለዚህ ለሳምንታት የዘለቀ የመገጣጠሚያ ሕመም መጀመሪያ በሐኪም ተመርምሮ ስሙ ሊታወቅ ይገባል።

አሁን ወደ ማስታገሻዎቹ እንለፍ። በመድኃኒት ቤቶቻችን በብዛት የሚሸጡት ዳይክሎፌናክ፣ አይቡፕሮፌንና ኢንዶሜታሲን ከአስፕሪን ጋር የአንድ ቤተሰብ ልጆች ናቸው፤ ፀረ ብግነት ማስታገሻዎች እንላቸዋለን። እንግሊዛዊው ተመራማሪ ጆን ቬን እ.ኤ.አ. በ1971 እነዚህ መድኃኒቶች ፕሮስታግላንዲን የተባለው ንጥረ ነገር በሰውነት ውስጥ እንዳይሠራ እንደሚያግዱ አሳዩ፤ በ1982ም ከሌሎች ሁለት ተመራማሪዎች ጋር የኖቤል ሽልማት ተቀበሉ። ፕሮስታግላንዲን በታመመው ጉልበት ላይ እብጠትና ሕመም ያመጣል። ይሁን እንጂ ያው ንጥረ ነገር የጨጓራን ግድግዳ ከአሲድ ይጠብቃል፤ ወደ ኩላሊት የሚገባው የደም ሥር እንዳይጠብብም ያግዛል። እንግዲህ የጉልበትን ሕመም ለማብረድ ክኒን ስንውጥ የአንዱን ክፍል መብራት ለማጥፋት ሲባል የቤቱን ቆጣሪ እንደ ማጥፋት ይሆናል፤ ጨጓራውም ኩላሊቱም አብረው ይጨልማሉ።

ሳይንስ ይህን ችግር ለመፍታት ሞክሯል። ጨጓራን ብዙም የማይነኩ ማስታገሻዎች ተሠሩ፤ ከነዚህ አንዱ ሮፌኮክሲብ ነበር። ነገር ግን ድንገተኛ የልብ ሕመምንና ስትሮክን እንደሚያበዛ በጥናት በመረጋገጡ እ.ኤ.አ. በመስከረም 2004 አምራቹ ከዓለም ገበያ አወጣው። በ2013ም የአውሮፓ መድኃኒት ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት የልብ የደም ሥር መጥበብ ያለባቸው ወይም ስትሮክ ያገኛቸው ሰዎች ዳይክሎፌናክን እንዳይወስዱ ወሰነ። ይህን የምጠቅሰው ለማስፈራራት አይደለም፤ «ለሁሉም የሚስማማ ማስታገሻ» የሚባል ነገር እንደሌለ ለማሳየት ነው።

አንዲት የ68 ዓመት እናትን በምሳሌነት እናስብ። ለደም ግፊታቸው ኢናላፕሪልና ሃይድሮክሎሮታያዛይድ ይወስዳሉ። ጉልበታቸውን ስላመማቸው ከጎረቤት ተመክረው ዳይክሎፌናክ ገዙ። ሁለት ነገር ይከተላል። አንደኛ፣ ፀረ ብግነት ማስታገሻ ሰውነት ጨውና ውኃ እንዲይዝ ስለሚያደርግ ግፊታቸው ከፍ ይላል፤ ክትትል ላይ ሲሄዱም የግፊት መድኃኒቱ እንዳልሠራ ተቆጥሮ ሌላ ክኒን ይጨመርላቸው ይሆናል። ሁለተኛውና የከፋው በኩላሊት ላይ የሚደርሰው ነው። ሃይድሮክሎሮታያዛይድ የሰውነትን ፈሳሽ ይቀንሳል፤ ኢናላፕሪል ከኩላሊት የሚወጣውን የደም ሥር ያሰፋል፤ ዳይክሎፌናክ ደግሞ ወደ ኩላሊት የሚገባውን ያጠብባል። ሦስቱ ሲገናኙ ኩላሊት ደም የሚያጣራበት ግፊት ያጣል። እ.ኤ.አ. በ2013 በእንግሊዝ የሕክምና መጽሔት የወጣ፣ የግፊት መድኃኒት የሚወስዱ ወደ 500 ሺህ የሚጠጉ ሰዎችን መዝገብ የመረመረ ጥናት እንዲህ ያለው የሦስትዮሽ ጥምረት ድንገተኛ የኩላሊት ጉዳትን በ31 በመቶ እንደሚጨምር አሳይቷል፤ በመጀመሪያዎቹ 30 ቀናት ጭማሪው 82 በመቶ ነበር። «ለጥቂት ቀን ብቻ ነው የምወስደው» የሚለው መጽናኛ እንግዲህ በዚህ ቦታ አይሠራም።

አሁን እንዲህ ያለው ሰው ተቅማጥ ወይም ትውከት ቢጨመርበት፣ አለዚያም በዓቢይ ጾም ወይም በረመዳን ቀኑን ሙሉ ውኃ ሳይጠጣ ቢውል አደጋው እንደሚበረታ አስቡ። ከሰውነት ፈሳሽ በወጣበት ቀን ፀረ ብግነት ማስታገሻ አይዋጥም። ስለ ግፊት መድኃኒቱም በዚያው ቀን ሐኪምን ማማከር ይገባል።

ሁለተኛው ቡድን ደም የሚያቀጥን መድኃኒት የሚወስዱ ሰዎች ናቸው። በአገራችን በልጅነት የጉሮሮ ሕመም ምክንያት የልብ ቫልቫቸው ተጎድቶ ዋርፋሪን የሚወስዱ ወጣቶችና ጎልማሶች ብዙ ናቸው። ዋርፋሪን ደም እንዳይረጋ ያደርጋል፤ ፀረ ብግነት ማስታገሻ ደግሞ ጨጓራን ያቆስላል፣ የደም ሕዋሳትንም ከመጣበቅ ያግዳል። ቁስሉን አንዱ ይከፍተዋል፣ ሌላው እንዳይዘጋ ያደርገዋል። ለነዚህ ሰዎች ዳይክሎፌናክም ሆነ አይቡፕሮፌን ያለ ሐኪም ፈቃድ ፈጽሞ አይመከርም። የተሻለው ፓራሲታሞል ነው፤ እሱም ቢሆን በቀን ከ2 ግራም በላይ ለተከታታይ ቀናት ሲወሰድ የዋርፋሪንን ኃይል ሊጨምር ስለሚችል የደም ምርመራው ቀን መቅረብ አለበት።

ለልብ ጥበቃ በየቀኑ አነስተኛ አስፕሪን የሚወስዱ ሰዎችም አሉ። አይቡፕሮፌን ቀድሞ ከተዋጠ አስፕሪኑ የሚይዘውን ቦታ ይይዝና ጥበቃውን ያስቀራል። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር እ.ኤ.አ. በ2006 ባወጣው ማሳሰቢያ አይቡፕሮፌን አልፎ አልፎ የሚወስድ ሰው ከተራው አስፕሪን በኋላ ቢያንስ 30 ደቂቃ ቆይቶ ወይም ከአስፕሪኑ ከ8 ሰዓት በላይ አስቀድሞ እንዲወስድ መክሯል። አይቡፕሮፌን በየቀኑ የሚያስፈልግ ከሆነ ግን ሰዓት ከመቁጠር ይልቅ ማስታገሻውን መለወጥ ይሻላል። እንደ ፍሉኦክሴቲን ያለ የድብርት መድኃኒት የሚወስዱም የጨጓራ መድማት አደጋቸው ከፀረ ብግነት ማስታገሻ ጋር ከፍ እንደሚል ይወቁ። ፕሬድኒሶሎን ለሚወስዱም እንዲሁ ነው።

ሦስተኛው ቡድን የኤች አይ ቪ መድኃኒት ተጠቃሚዎች ናቸው። ዛሬ በሰፊው የሚሰጠው ቴኖፎቪር፣ ላሚቩዲንና ዶሉቴግራቪር በአንድ ክኒን የተጣመሩበት መድኃኒት ነው። ለብዙዎች ዕድሜ ሰጥቷል፤ ዕድሜ ሲሰጥም ቁርጥማቱ ይመጣል። ቴኖፎቪር በኩላሊት በኩል ስለሚወጣ ከዳይክሎፌናክ ጋር በተለይ በከፍተኛ መጠን ወይም ለረጅም ጊዜ ሲወሰድ ድንገተኛ የኩላሊት ጉዳት ማድረሱ ተመዝግቧል። የዚህ ሕክምና ተጠቃሚ የሆነ ሰው በሰፈር መድኃኒት ቤት መስኮት፣ ሰው ተሰልፎ እየሰማ፣ የሚወስደውን መናገር ይከብደዋል። ይህን እንረዳለን። ስለዚህ ለባለሙያዎች የማሳስበው በጆሮ የሚነገር ነገር በጆሮ የሚነገርበትን ቦታ እናዘጋጅ የሚል ነው፤ ለታካሚው ደግሞ «ኩላሊትን የሚነካ መድኃኒት እወስዳለሁ» ማለት ብቻ እንኳ ይበቃል።

የስኳር ሕሙማንም በዚሁ መስመር ናቸው። ኩላሊት ሲዳከም ሜትፎርሚን በደም ውስጥ ይጠራቀማል። የሳንባ ነቀርሳ መድኃኒት የሚወስዱ ሰዎች ደግሞ ጉበታቸው ሥራ ስለበዛበት በፓራሲታሞል መጠን ሊጠነቀቁ ይገባል። ለሩማቶይድ ሜቶትሬክሴት የሚወስዱ ሁለት ነገር አይርሱ፤ መድኃኒቱ የሚዋጠው በሳምንት አንድ ቀን እንጂ በየቀኑ አይደለም፤ ኮትሪሞክሳዞል የተባለው ፀረ ተዋሲያን ሲታዘዝላቸውም ሜቶትሬክሴት እንደሚወስዱ መናገር አለባቸው፤ ሁለቱ ተጣምረው የደም ሕዋሳትን ምርት ክፉኛ ሊያዳክሙ ይችላሉና።

«እንግዲያውስ ምን ቀረልን?» እንደምትሉ አውቃለሁ። ብዙ ቀርቷል።

የመጀመሪያው መድኃኒት ከመድኃኒት ቤት አይገዛም። የጭንን ጡንቻ የሚያጠነክር የዘወትር እንቅስቃሴ የጉልበትን ሕመም እንደሚቀንስ በብዙ ጥናት ተረጋግጧል፤ ወንበር ላይ ተቀምጦ እግርን ቀጥ አድርጎ መዘርጋትና ጥቂት ይዞ መመለስ ለጅምር ይበቃል። ክብደት የበዛበት ሰው የሚቀንሰው እያንዳንዱ 1 ኪሎ በእያንዳንዱ እርምጃ ጉልበቱ ላይ የሚያርፈውን ጫና 4 ኪሎ ያህል ያቀልለታል። በሙቅ ውኃ የተነከረ ጨርቅና ከጤነኛው እግር ጎን የሚያዝ ምርኩዝም የሚናቁ አይደሉም።

ሁለተኛው በቆዳ ላይ የሚቀባው የዳይክሎፌናክ ጄል ነው። በክኒን ከሚወሰደው ጋር ሲነጻጸር ወደ ደም የሚገባው 6 በመቶ ያህል ብቻ ነው። ስለዚህ ለጉልበትና ለእጅ ጣት ሕመም ከክኒን በፊት እንዲሞከር የእንግሊዝ የጤና መመሪያ እ.ኤ.አ. በ2022 አሳስቧል። ለዳሌ ግን መገጣጠሚያው ጥልቅ ስለሆነ አይደርስም። በመመሪያው ላይ በተጻፈው መጠን ይቀባ፤ በቆሰለ ቆዳ ላይ አይደረግ፤ ዋርፋሪን የሚወስዱም ለሐኪማቸው ይንገሩ።

ሦስተኛው ፓራሲታሞል ነው። ለኦስቲኦአርትራይትስ የሚሰጠው እፎይታ መጠነኛ መሆኑን በሐቀኝነት መናገር አለብኝ፤ ነገር ግን ግፊት፣ ኩላሊት ወይም ጨጓራ ላለበት ሰው ከክኒኖቹ ሁሉ የተሻለ ነው። ጤነኛ አዋቂ በቀን ከ4 ግራም፣ ማለትም ከስምንት ባለ 500 ሚሊ ግራም ክኒን ማለፍ የለበትም። ሰውነቱ የከሳ፣ በዕድሜ የገፋ፣ ጉበቱ የታመመ ወይም አረቄ የሚያዘወትር ሰው ከዚያ በእጅጉ ያነሰ መጠን ያስፈልገዋል፤ ልኩን ባለሙያ ይንገረው። የጉንፋን ክኒኖች አብዛኞቹ ፓራሲታሞል እንዳለባቸውም አይዘንጋ።

አራተኛው፣ እነዚህ ሁሉ ሳይበቁ ሲቀሩ፣ ሐኪም የኩላሊትን ሁኔታ በክሬአቲኒን ምርመራ አይቶ ለአጭር ጊዜ፣ በአነስተኛ መጠን፣ እንደ ኦሜፕራዞል ካለ የጨጓራ መጠበቂያ ጋር የሚያዘው ፀረ ብግነት ክኒን ነው። ትራማዶልን በራስ ፈቃድ ወደዚህ ማስገባት ግን አይገባም፤ ከፍሉኦክሴቲንና ከአሚትሪፕቲሊን ጋር ሲገናኝ የሚጥል ሕመም ሊቀሰቅስ ይችላል፤ አረጋውያንን ያዞራል፣ ይጥላል፣ ልማድም ይሆናል።

በኅብረተሰባችን ውስጥ ሥር የሰደዱ ሦስት እምነቶችን ደግሞ ላንሣ። የመጀመሪያው «መርፌ ጨጓራን አይነካም» የሚለው ነው። ዳይክሎፌናክ በመርፌ ቢሰጥም በደም ተጉዞ ጨጓራንም ኩላሊትንም ያገኛል። ጉዳቱ የሚመጣው ክኒኑ ጨጓራ ውስጥ በማረፉ ብቻ ሳይሆን ፕሮስታግላንዲን በመታገዱም ነው። ምግብ በልቶ መዋጥም የሆድ መረበሽን ይቀንስ ይሆናል እንጂ ቁስለትን አያስቀርም።

ሁለተኛው ከውጭ አገር በሻንጣ የሚመጣውን መድኃኒት ይመለከታል። በአሜሪካ ያሉ ልጆች ለእናት ለአባታቸው በፍቅር የሚልኩት አድቪል አይቡፕሮፌን ነው፤ አሊቭ ናፕሮክሰን ነው፤ ታይሌኖል ፓራሲታሞል ነው። ስማቸው ስለተለየ ብቻ አድቪልን ከዳይክሎፌናክ ጋር፣ ታይሌኖልን ከፓራሲታሞል ጋር ደርቦ መዋጥ መጠንን ማብዛት ነው። ላኪዎች ለወላጆቻችሁ ብልቃጥ ከመላካችሁ በፊት የሚወስዱትን መድኃኒት ስም በስልክ ጠይቁ።

ሦስተኛው «ዕፅዋት ስለሆነ አይጎዳም» የሚለው ነው። እ.ኤ.አ. በ2022 የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር ለመገጣጠሚያ ተብሎ በተፈጥሮ ማሟያነት ይሸጥ በነበረ «አርትሪ ኪንግ» በተባለ ምርት ውስጥ በመለያው ያልተጻፉ ዳይክሎፌናክና ዴክሳሜታሶን ማግኘቱን አስታውቋል። ተአምር የሚመስል ፈጣን እፎይታ የሚሰጥ፣ ይዘቱ ያልተጻፈ ዱቄት ወይም ክኒን ሲያጋጥማችሁ ይህን አስታውሱ።

ከዚህ አዳራሽ ስትወጡ አንድ ነገር እንድታደርጉ እለምናለሁ። ዛሬ ማታ ቤታችሁ ስትደርሱ በየቀኑ የምትወስዱትን መድኃኒት ሁሉ ስምና መጠን በአንዲት ወረቀት ጻፉ፤ የሚቀባውን፣ የሻንጣውንና የባህሉን ጭምር። ማንበብ የማይችሉ ወላጆች ካሏችሁ እናንተ ጻፉላቸው፤ ወይም መያዣዎቹን ሁሉ በአንድ ፌስታል አድርገው ይዘው ይሂዱ። መድኃኒት ቤት ስትደርሱ ወረቀቷን አስቀድማችሁ ስጡና እንዲህ ብላችሁ ጠይቁ፦ «ይህ ከእነዚህ ጋር ይስማማል? ለስንት ቀን ልውሰደው? ምን ምልክት ካየሁ ላቁመው?»

ምልክቶቹን እኔም ልንገራችሁ። ሰገራ እንደ ሬንጅ ከጠቆረ፣ ደም ወይም ቡና አተላ የመሰለ ነገር ከተተፋ፣ ሽንት ከቀነሰ፣ ፊትና እግር ካበጠ፣ ትንፋሽ ካጠረ፣ ደረት ካመመ ወይም ዓይን ቢጫ ከሆነ ማስታገሻው ይቁም፤ ሳይውል ሳያድር ወደ ጤና ተቋም ይኬድ። መገጣጠሚያው አብጦ፣ ቀልቶ፣ ትኩሳት ከተጨመረበትም ማስታገሻ እየዋጡ መጠበቅ አይገባም፤ በመገጣጠሚያ ውስጥ የገባ ኢንፌክሽን ሊሆን ይችላልና። በሌላ በኩል የግፊት፣ የልብ ወይም የኤች አይ ቪ መድኃኒታችሁን ለማስታገሻ ቦታ ለመስጠት ስትሉ በራሳችሁ እንዳታቋርጡ አደራ እላለሁ። ቦታ የሚለቀው እንግዳው እንጂ ባለቤቱ አይደለም።

ለተማሪዎቻችንም አንድ ቃል አለኝ። ነገ በመስኮቱ ጀርባ ስትቆሙ ሰው «ዳይክሎፌናክ አለ?» ብሎ ይጠይቃችኋል። «አለ» ወይም «የለም» ማለት የነጋዴ መልስ ነው። «ሌላ የሚወስዱት መድኃኒት አለ?» ብሎ መጠየቅ የባለሙያ መልስ ነው። ጥያቄው ግማሽ ደቂቃ ይፈጃል፤ የተጎዳ ኩላሊት ግን ሰውን በሳምንት ሁለትና ሦስት ቀን ለዓመታት ከእጥበት ማሽን ጋር ያቆራኛል።

አበው «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ይላሉ። እኔም በዚህ ላይ የሚወስደውን መድኃኒት የደበቀም ደኅና ማስታገሻ አያገኝም እላለሁ።